ከኤዲተሩ ጀርባ ያለው ጣጣ፦ ለማይክሮኮንትሮለር ቦርድ ኮድ መጻፊያ ስናዘጋጅ

ማይክሮኮንትሮለር (በአንድ ቺፕ ላይ የተሠራ ትንሽ ኮምፒውተር) የጀመረ ሰው የመጀመሪያ ቀኑን የሚጨርሰው ኮድ ሲጽፍ አይደለም፤ ኤዲተሩን ከቦርዱ ጋር ሲያግባባ ነው። ኬብሉ ተሰክቷል። ኮዱ ከምሳሌ የተቀዳ ስለሆነ ስህተት የለበትም። ሆኖም ብልጭ ማለት የነበረባት መብራት ጭራሽ አትበራም፤ ስክሪኑ ላይ ቀይ ጽሑፍ ይዥጎደጎዳል። ሰውየው ኮዱን ደጋግሞ ያነባል፣ ያጠፋል፣ እንደገና ይጽፋል። እዚያ ግን የሚያገኘው ነገር የለም።

ኤዲተሩ ብቻውን ቦርድ ላይ ምንም መጫን አይችልም። ከጀርባው ሥራውን እየተቀባበሉ የሚሠሩ ሌሎች ፕሮግራሞች አሉ። ቀይ ጽሑፍ ሲመጣ ዋናው ጥያቄ ሥራው ከእነዚህ በየትኛው እጅ ላይ ቆመ የሚለው ነው። ይህን የለየ ሰው ማንኛውንም ኤዲተር ማዘጋጀት አያቅተውም።

አንዷን ቁልፍ ስትጫኑ የሚሆነው

ኮድ ኤዲተር በመሠረቱ ጽሑፍ መጻፊያ ነው። ቃላቱን በቀለም ይለያል፣ አጠራጣሪውን ያሰምርበታል፣ ጀምራችሁ ያልጨረሳችሁትን ይገምትላችኋል። አፕሎድ የሚለውን ቁልፍ ስትጫኑ ግን ኮዱን ለኮምፓይለር ያስረክባል። ኮምፓይለሩ በሲ ወይም በሲ ፕላስ ፕላስ የጻፋችሁትን ቺፑ ወደሚያውቀው የማሽን ቋንቋ ይቀይረዋል።

እዚህ ላይ ከተራ የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚለይ ነገር አለ። ኮምፓይለሩ የሚሠራው በእናንተ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ የሚያወጣው ፕሮግራም ግን እናንተ ኮምፒውተር ላይ አይሠራም። ለሌላ ቺፕ የተዘጋጀ ነው። ምክንያቱም ቦርዱ ራሱ ኮምፓይለር የመሸከም አቅም የለውም። የታወቀው አርዱይኖ ኡኖ ላይ ያለው ኤቲሜጋ328ፒ ቺፕ ፍጥነቱ 16 ሜጋኸርዝ ነው። ለፕሮግራም ማስቀመጫ 32 ኪሎባይት ፍላሽ፣ ለሥራ ደግሞ 2 ኪሎባይት ራም አለው። አዎ፣ ኪሎባይት። ስለዚህ ለእያንዳንዱ የቺፕ ቤተሰብ የራሱ ኮምፓይለር ኮምፒውተራችሁ ላይ መኖር አለበት። ለኤቪአር (የኡኖው ቺፕ ቤተሰብ) አንድ፣ ለአርም ሌላ፣ ለኢኤስፒ32 ሌላ። አብዛኞቹ ጂሲሲ የሚባለው ነፃ ኮምፓይለር ዝርያዎች ናቸው።

ቀጥሎ ተረኛው ጫኚው ፕሮግራም ነው። የተዘጋጀውን ፋይል በዩኤስቢ ወደ ቦርዱ የሚልከው እሱ ነው። ለኡኖ ኤቪአርዱድ፣ ለኢኤስፒ32 ደግሞ ኢኤስፒቱል የሚባሉት ያገለግላሉ። ጫኚው የሚያልፍበት በር ፖርት ይባላል፤ በሩን የሚከፍተው ድራይቨር ነው። ወዲያ ማዶ ቦርዱ ላይ ቀድሞ የተቀመጠች ቡትሎደር የምትባል ትንሽ ፕሮግራም ትጠብቃለች። የሚላከውን ተቀብላ ፍላሹ ላይ የምትጽፈው እሷ ናት።

ኤዲተር ማዘጋጀት ማለት እንግዲህ ለእነዚህ ሁሉ ቦርዳችሁ የትኛው እንደሆነ፣ በየትኛው በር እንደሚገኝ መንገር ነው።

የትኛውን ኤዲተር?

አርዱይኖ በ2005 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ኢቭሬያ ከተማ ለተማሪዎች ሲጀመር የራሱን ኤዲተር ይዞ ነው የመጣው። ኮምፓይለሩም፣ ጫኚውም፣ ላይብረሪውም (ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁት ኮድ) አንድ ላይ ታሽገው። በ2022 የወጣው ሁለተኛው ትውልድ ቃላትን ይገምታል፣ የተደገፉ ቦርዶች ላይ ዲበገርም (ስህተት መፈለጊያ) አለው። አንድ ቦርድ፣ አንድ ፋይል፣ ሁለት ሴንሰር ከሆነ ያላችሁ ከዚያ አትውጡ። ሌላ ኤዲተር ስለተጠቀማችሁ መብራቷ የበለጠ አትደምቅም።

ፋይሉ ሁለት ሦስት ሲሆን፣ ቦርዱ ሲቀያየር፣ ላይብረሪው ሲበዛ ግን ቪኤስ ኮድ ይሻላል። ማይክሮሶፍት በ2015 ያስተዋወቀው ነፃ ኤዲተር ነው። ሲጫን ስለ ቦርድ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ሙያውን የሚያገኘው ከኤክስቴንሽን፣ ማለትም ላዩ ላይ ከሚጨመር ፕሮግራም ነው። ለኢኤስፒ32 አምራቹ ኤስፕሬሲፍ የራሱን ኤክስቴንሽን አውጥቷል። ፒኮ ለሚባለው ቦርዱም ራስበሪ ፓይ የራሱ አለው። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ የሚያውቀው የራሱን ቤት ብቻ ነው። ብዙ ዓይነት ቦርድ የሚነካካ ሰው የሚመርጠው ፕላትፎርምአይኦ የሚባለውን ኤክስቴንሽን ነው። እኔም የምመክረው እሱን ስለሆነ ከዚህ በታች ያለው በአብዛኛው ስለ እሱ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ። ማይክሮሶፍት ራሱ ለቪኤስ ኮድ ያዘጋጀው የአርዱይኖ ኤክስቴንሽን ነበር። ከአገልግሎት ወጥቷል። የቆዩ ቪዲዮዎች አሁንም እሱን ጫኑ ይላሉ፤ ቪዲዮውን ዝጉና ሌላ ፈልጉ።

መጫኑ ቀላል ነው፣ ትዕግሥት ብቻ ይጠይቃል

በቪኤስ ኮድ ግራ በኩል የኤክስቴንሽኖች ምልክት አለ። ከፍታችሁ ፕላትፎርምአይኦ ብላችሁ ፈልጉና ጫኑ። ከዚያ ጠብቁ። ኤክስቴንሽኑ ከጀርባ የራሱን ፓይተን እና ዋናውን ፕሮግራም ያወርዳል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የቆመ መስሎት ኤዲተሩን ይዘጋዋል፤ ከዚያ ግማሹ የተጫነ ነገር ይዞ ፍዳውን ያያል። ከታች በቀኝ በኩል መጨረሱን የሚነግር መልእክት እስኪመጣ ተዉት። ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን ላይ ከሆናችሁ የፓይተን ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንት ጥቅል ቀድሞ መጫን አለበት፤ አለዚያ በመሃል ይቆማል።

ሲጨርስ የጉንዳን ጭንቅላት የሚመስል ምልክት በግራ በኩል ይወጣል። እዚያ ገብታችሁ አዲስ ፕሮጀክት ስትሉ ሦስት ነገር ይጠይቃችኋል፦ ስም፣ ቦርድ እና ፍሬምወርክ። ፍሬምወርክ ማለት ኮዱን በየትኛው ዘይቤ ትጽፋላችሁ ማለት ነው። ለጀማሪ መልሱ አርዱይኖ ነው፤ ቦርዱ ኢኤስፒ32 ቢሆንም እንኳ። ለአንድ የቺፕ ቤተሰብ የመጀመሪያውን ፕሮጀክት ስትፈጥሩ ኮምፓይለሩ ከኢንተርኔት ይወርዳል። ለኢኤስፒ32 በመቶዎች ሜጋባይት ሊደርስ ስለሚችል ደህና ኢንተርኔት ባለበት ሰዓት አድርጉት። አንዴ ከወረደ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ትሠራላችሁ።

የፎልደሩን ስም በላቲን ፊደል፣ ያለ ክፍት ቦታ፣ አጭር አድርጉት። የኮምፒውተሩ የተጠቃሚ ስም በአማርኛ የተጻፈ ከሆነም ችግር ሊመጣ ይችላል፤ አንዳንድ የኮምፓይል መሣሪያዎች የግዕዝ ፊደል ያለበትን አድራሻ መከተል ያቅታቸዋል። ዊንዶውስ ደግሞ በተለምዶ ከ260 ፊደል በላይ የረዘመ የፋይል አድራሻ አይወድም። ፎልደር ውስጥ ፎልደር እያላችሁ ስትገቡ ላይብረሪው የራሱን ረጃጅም ስሞች ሲጨምርበት ወሰኑ ሳይታሰብ ይደርሳል።

ሌላው ተደጋጋሚ ጣጣ ፋይሉን ብቻ ነጥሎ መክፈት ነው። ፕላትፎርምአይኦ የሚነቃው ሙሉውን የፕሮጀክት ፎልደር ስትከፍቱ ነው። ኮዱ ይታያል፣ አፕሎድ የሚለው ቀስት ግን የለም ካላችሁ ኤክስቴንሽኑ አልተበላሸም። ፎልደሩን ክፈቱ።

ሦስት መስመር ያለው ፋይል

በፎልደሩ ውስጥ ፕላትፎርምአይኦ ዶት አይኤንአይ የሚባል አጭር የጽሑፍ ፋይል ታገኛላችሁ። ተራ ይመስላል፤ ሁሉ ነገር የተንጠለጠለው ግን በእሱ ላይ ነው። ዋና ዋናዎቹ መስመሮች ሦስት ናቸው። ፕላትፎርም የሚለው የቺፑን ቤተሰብ ይናገራል፤ ስለዚህ የትኛው ኮምፓይለርና የትኛው ጫኚ እንደሚጠራ ይወስናል። ቦርድ የሚለው የቺፑን ፍጥነት፣ የፍላሹን መጠን፣ የአጫጫኑን ዘዴ ይዞ ይመጣል። ፍሬምወርክ የሚለውን ከላይ አይተነዋል።

ቦርዱን ተሳስቶ መምረጥ መጥፎነቱ ሁልጊዜ ስህተት አለመስጠቱ ነው። ኮምፓይል ይሆናል፣ ይጫናል፣ ዝም ይላል። ለምሳሌ አብሮ የተገጠመችው መብራት ኡኖ ላይ በ13 ቁጥር ፒን (ሽቦ የሚያያዝበት የቦርዱ እግር) ላይ ናት። የመጀመሪያው ፒኮ ላይ 25 ናት። ብዙ የኢኤስፒ32 ቦርዶች ላይ 2 ናት፤ ጭራሽ የሌላቸውም አሉ። ፒኮ ደብልዩ ላይ ደግሞ መብራቷ የተያያዘችው ከዋናው ቺፕ ጋር ሳይሆን ከዋይፋይ ቺፑ ጋር ነው። ስለዚህ ለፒኮ የተጻፈው የብልጭታ ምሳሌ ፒኮ ደብልዩ ላይ ሲጫን ምንም አያሳይም። ኮዱ ልክ ነው፣ ቦርዱም ደህና ነው፤ የተነገረው ስም ነው የተሳሳተው።

የኢኤስፒ32 ዝርዝር ውስጥ በደርዘን የሚቆጠሩ ስሞች ስላሉ ሰው ግራ ይጋባል። መጀመሪያ ቺፑ ራሱ ተራው ነው፣ ኤስ3 ነው፣ ወይስ ሲ3 የሚለውን በብረት ክዳኑ ላይ ከተጻፈው አንብቡ። እነዚህ የተለያዩ ቺፖች ናቸው፤ የአንዱ ፕሮግራም በሌላው ላይ አይሠራም። ተራው ከሆነና የቦርዱ ስም ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ኢኤስፒ32 ዴቭ ሞጁል የሚለው አጠቃላይ ምርጫ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

ኢኤስፒ32ን በተመለከተ አንድ ወቅታዊ ነገርም አለ። የአርዱይኖ ፍሬምወርክ ለኢኤስፒ32 ወደ 3ኛው እትም ሲሸጋገር የፕላትፎርምአይኦ ይፋዊ ጥቅል በ2ኛው ላይ ቀረ። በመካከሉ አንዳንድ ትዕዛዞች ተቀይረዋል፤ የሞተር ፍጥነትንና የመብራት ድምቀትን የሚቆጣጠሩት የፒደብልዩኤም ትዕዛዞች ከእነሱ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ በአርዱይኖ ኤዲተር የሚሠራ አዲስ ምሳሌ ፕላትፎርምአይኦ ላይ አላውቀውም ሊባል ይችላል። አዲሱን እትም የሚፈልጉ ሰዎች ፒአይኦአርዱይኖ የሚባለውን በማኅበረሰቡ የሚጠበቅ ቅጂ ይጠቀማሉ። ለጀማሪ ግን ቀላሉ ነገር ምሳሌው ለየትኛው እትም እንደተጻፈ ማየት ነው።

ከአርዱይኖ ኤዲተር ኮድ ስታመጡ

የአርዱይኖ ኤዲተር ሳይነግራችሁ የሚሠራላችሁ ሁለት ነገር አለ። የአርዱይኖን ዋና ሄደር ፋይል (የትዕዛዞቹ ስም የተዘረዘረበትን) የሚጠራውን መስመር ከላይ ራሱ ይጨምራል። ከፋይሉ ግርጌ የጻፋችኋቸውን ፈንክሽኖችም (በስማቸው የሚጠሩ የኮድ ክፍሎች) ቀድሞ ያስተዋውቃል። እነዚህን ካደረገ በኋላ ነው ኮዱን ለኮምፓይለሩ የሚሰጠው።

ፕላትፎርምአይኦ ላይ ዋናው ፋይል ሜይን ዶት ሲፒፒ ይባላል። ተራ የሲ ፕላስ ፕላስ ፋይል ነው፤ ማንም ምንም አይጨምርበትም። እዚያ ይሠራ የነበረውን ኮድ ቀድታችሁ ስትለጥፉ ዲጂታልራይት የሚባል ነገር አላውቅም ቢላችሁ የጎደለው የመጀመሪያው መስመር ነው፤ አርዱይኖ ዶት ኤች የሚለውን ሄደር ራሳችሁ ጥሩ። ሴንሰር የሚያነበውን ፈንክሽን አላውቅም ቢላችሁ ደግሞ ፈንክሽኑን ከሚጠራው ቦታ በላይ አውጡት፣ ወይም ከላይ በአንድ መስመር አስተዋውቁት። ከአርዱይኖ ወደ ቪኤስ ኮድ ሲሻገር የሚያማርር ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያማርረው በእነዚህ በሁለቱ ነው።

ቀይ መስመር ሁሉ ስህተት አይደለም

ከኮዱ ሥር ቀይ መስመር የሚያሰምረውና ኮዱን የሚተረጉመው አንድ አይደሉም። የሚያሰምረው ኢንቴሊሴንስ የሚባል የኤዲተሩ ክፍል ነው። ሄደር ፋይሎቹ የት እንዳሉ ካልተነገረው ትክክለኛውን ኮድ በቀይ ይሞላዋል። ኮምፓይለሩ ግን ያልፈዋል። ሁለቱ ሲጣሉ ኮምፓይለሩን እመኑ። ፕላትፎርምአይኦ የፋይሎቹን ቦታ ለኢንቴሊሴንስ የሚነግር ፋይል ራሱ ያዘጋጃል። አዲስ ላይብረሪ ጨምራችሁ ቀዩ አልጠፋ ካለ ኢንዴክሱን እንደገና ገንባ የሚለውን ትዕዛዝ ስጡት፣ ካልሆነም ኤዲተሩን ዘግታችሁ ክፈቱ።

ኮምፓይለሩ ራሱ ሲቆጣ ደግሞ ከታች አትጀምሩ። ሃምሳ መስመር ስህተት ቢያወርድም ብዙ ጊዜ እውነተኛው የመጀመሪያው ነው፤ የቀሩት ከእሱ የተወለዱ ናቸው።

ፖርቱ፦ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ቦታ

ኮምፓይል ሆኗል፣ መጫን ግን አልቻለም እንበል። እዚህ ላይ ኮዱን መንካት አቁሙ። ከዚህ በኋላ ያለው ጉዳይ ሽቦና በር ነው።

መጀመሪያ ኬብሉን ጠርጥሩ። ብዙ የዩኤስቢ ኬብሎች ለቻርጅ ብቻ የተሠሩ ናቸው፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ አላቸው፣ የመረጃ ሽቦ ግን የላቸውም። ቦርዱ ላይ ያለችው የኃይል መብራት ስለምትበራ ሰው ኬብሉን አይጠረጥርም። ፎቶ ከስልክ ወደ ኮምፒውተር አሳልፎ የሚያውቅ ኬብል ካላችሁ በእሱ ሞክሩ። በሌላው ኬብል ላይ ምልክት አድርጉበት፤ ካልሆነ ከወር በኋላ ያው ኬብል እንደገና ያታልላችኋል።

ኬብሉ ደህና ከሆነ ድራይቨሩ ይቀጥላል። ብዙ ቦርዶች ላይ ዋናው ቺፕ ዩኤስቢ አይናገርም። አጠገቡ የሚያስተረጉም ሌላ ትንሽ ቺፕ አለ። ኦሪጅናሉ ኡኖ ላይ ኤቲሜጋ16ዩ2 ነው። ርካሾቹ ቅጂዎች ላይ ብዙውን ጊዜ ሲኤች340 ነው። የኢኤስፒ32 ቦርዶች ላይ ሲፒ2102 ይዘወተራል። ድራይቨር የምትፈልጉት በቦርዱ ስም ሳይሆን በዚህ ቺፕ ስም ነው። ቦርዱን ገልብጣችሁ ጽሑፉን በስልክ ካሜራ አጉልታችሁ አንብቡ። ዊንዶውስ ላይ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ቢጫ ምልክት ያለበት የማይታወቅ ዕቃ ካያችሁ የጎደለው ድራይቨር ነው። ሲስተካከል ኮም3 ወይም ኮም5 የመሰለ ስም ያገኛል። ቁጥሩ ትርጉም የለውም፤ ቦርዱን ሌላ ቀዳዳ ላይ ስትሰኩት ሊቀየርም ይችላል። ከብዙዎቹ የትኛው የእናንተ እንደሆነ ካላወቃችሁ ንቀሉትና ዝርዝሩን እዩ። የጠፋው እሱ ነው።

ሊኑክስ ላይ ድራይቨሩ አብሮ ስለሚመጣ ጣጣው ፈቃድ ነው። ቦርዱ ይታያል፣ ኤዲተሩ ሊከፍተው ሲል ግን ፈቃድ የለህም ይባላል። ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ የተጠቃሚ ስማችሁን ዳያልአውት ወደሚባለው ቡድን ጨምሩ። አርች ሊኑክስ ላይ ቡድኑ ዩዩሲፒ ይባላል። ከዚያ ከአካውንታችሁ ወጥታችሁ እንደገና ግቡ፤ ካልወጣችሁ ለውጡ አይሠራም። ብዙ ሰው ይህችን ይዘላትና ምክሩ ውሸት ነው ይላል። ፕሮግራሙን በሩት (በዋናው አስተዳዳሪ) ፈቃድ ማስነሳት አቋራጭ ይመስላል፤ አታድርጉት። በሩት የተፈጠሩት ፋይሎች በኋላ በተራ ስማችሁ ስትሠሩ አይነኬ ይሆኑባችኋል።

ኡቡንቱ 22.04 ላይ የታወቀ አንድ ጉድ አለ። ሲኤች340 ያለበትን ቦርድ ስትሰኩት ፖርቱ ለቅጽበት ብቅ ይልና ይጠፋል። ብሬልቲቲዋይ የሚባል፣ ለዓይነ ስውራን የብሬይል ማሳያ መሣሪያ የሚያገለግል ፕሮግራም አብሮ ተጭኗል። አንዳንድ የብሬይል ማሳያዎች ተመሳሳይ የዩኤስቢ መለያ ቁጥር ስላላቸው ቦርዳችሁን ማሳያ መስሎት ይነጥቃችኋል። የብሬይል ማሳያ የማትጠቀሙ ከሆነ ፕሮግራሙን ማስወገድ ችግሩን ይፈታዋል።

ሦስተኛው ጉዳይ በሩን ሌላ ሰው መያዙ ነው። ሲሪያል ፖርት በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው አንድ ፕሮግራም ነው። በሌላ መስኮት የተከፈተ ሲሪያል ሞኒተር (ቦርዱ የሚልከውን ጽሑፍ የሚያሳየው)፣ የረሳችሁት የአርዱይኖ ኤዲተር፣ ወይም ቶኒ የሚባለው የፓይተን ኤዲተር ከያዘው ፖርቱ ሥራ ላይ ነው ወይም መዳረስ ተከልክሏል ይባላል። ዝጉትና ድገሙ።

በሩ ተከፍቶ ማንም ካልመለሰ

ፖርቱ አለ፣ ጫኚው ይጣራል፣ ቦርዱ ግን አይመልስም። ይህ የቡትሎደር ጉዳይ ነው፤ እንደ ቦርዱም ይለያያል።

አርዱይኖ ናኖ በሚባለው ቦርድ ላይ ጫኚው አልተግባባንም እያለ እስከ አሥር ጊዜ ቢሞክር ምናልባት ያለው የድሮው ቡትሎደር ነው። የድሮው በሰከንድ 57600 ቢት ፍጥነት ያወራል፣ ከ2018 ጀምሮ የመጣው ግን በ115200። ብዙ ቅጂዎች ዛሬም በድሮው ነው የሚሸጡት። የአርዱይኖ ኤዲተር ላይ ኦልድ ቡትሎደር የሚለውን መምረጥ ነው። ፕላትፎርምአይኦ ላይ ሁለቱ እንደ ሁለት ቦርድ ተቆጥረው በዝርዝሩ ውስጥ አሉ።

ኡኖም ሆነ ናኖ ላይ 0 እና 1 ቁጥር ፒኖች ከዩኤስቢው ጋር አንድ መስመር ይጋራሉ። ሴንሰር እነሱ ላይ ከሰካችሁ ስትጭኑ ይረብሻል። ንቀሉት፣ ጫኑ፣ መልሳችሁ ስኩት።

ኢኤስፒ32 ላይ ነጥብና ሰረዝ እየደረደረ ለመገናኘት ሲሞክር ቆይቶ ካቃተው ቦርዱ ላይ ቡት የሚል ትንሽ ቁልፍ አለ። ጫኚው መጣራት ሲጀምር እሱን ተጭናችሁ ያዙ፤ መጫን ሲጀምር ልቀቁ። ቁልፉ የሚያደርገው ቀላል ነው፤ 0 ቁጥር ፒንን ከመሬት መስመር ጋር ያገናኛል። ቺፑ ሲነሳ መጀመሪያ የሚያየው ያንን ስለሆነ ፕሮግራም ልቀበል ማለት ነው ብሎ ይረዳል። ደህና ቦርዶች ይህን በራሳቸው ያደርጉታል። በዚያው ልክ 12 ቁጥር ፒን ላይ የሰካችሁት ነገር ቺፑ ሲነሳ ቮልቴጅ ከሰጠው ቦርዱ ጭራሽ ላይነሳ ይችላል፤ የፍላሹን ቮልቴጅ የሚመርጠው በእሱ ነውና።

ፒኮ ከሁሉም ይቀላል። ቡትሴል የሚለውን ቁልፍ እንደያዛችሁ ኬብሉን ስትሰኩ ቦርዱ እንደ ፍላሽ ዲስክ ብቅ ይላል። ዩኤፍ2 የተባለውን ፋይል ጎትታችሁ እዚያ ትጥላላችሁ፤ አለቀ። ይህ ቡትሎደር ቺፑ ውስጥ በማይጠፋ ማኅደር ላይ የተቀመጠ ስለሆነ የቱንም ያህል መጥፎ ኮድ ብትጭኑ አይበላሽም። በጥር 2021 እ.ኤ.አ. የወጣው ይህ ቦርድ ለጀማሪ ይመከራል የምለው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ቦርዱ ሲያወራ መስማት

ሲሪያል ሞኒተር ላይ ፊደል የማይመስል ቁርጥራጭ ምልክት ከመጣ ፍጥነቱ አልተጣጣመም። ኮዱ በ115200 እየላከ ፕላትፎርምአይኦ በ9600 ያዳምጣል፤ ምንም ካልተነገረው የሚወስደው ያንን ነው። በዚያችው አይኤንአይ ፋይል ውስጥ የሞኒተር ፍጥነት የሚለውን መስመር ጨምሩ። የኢኤስፒ32 ቀዳሚ የሆነው ኢኤስፒ8266 ሲነሳ መጀመሪያ የሚያወጣት ቁርጥራጭ ግን እንዲያም ሆኖ ትኖራለች፤ ያቺን በ74880 ስለሚልካት ነው፤ እለፏት።

ብዙ የኢኤስፒ32 ኤስ3 ቦርዶች ላይ ሁለት የዩኤስቢ ቀዳዳ ታያላችሁ። አንዱ በአስተርጓሚ ቺፕ በኩል ያልፋል፤ ሌላው በቀጥታ ከዋናው ቺፕ ጋር ይገናኛል። በቀጥተኛው ስትሰኩ ፕሮግራሙ ተጭኖ ሞኒተሩ ባዶ ከሆነ ሲሪያሉ በዩኤስቢ እንዲወጣ የሚያዘው ምርጫ አልበራም ማለት ነው። ካልበራ ጽሑፉ የሚወጣው በሌላው ቀዳዳ ነው።

በፓይተን መሥራት ለምትፈልጉ

ማይክሮፓይተን ይህን ሁሉ ሰንሰለት ያሳጥረዋል። ዴሚየን ጆርጅ በ2013 እ.ኤ.አ. የጀመረው ነው። ትርጉሙን የሚሠራው ፕሮግራም አንዴ ቦርዱ ላይ ይጫናል። ከዚያ በኋላ የምትልኩት ጽሑፉን ራሱን ነው፤ በመሃል ኮምፓይለር አትጠብቁም። ለዚህ ቪኤስ ኮድን ማስጨነቅ አያስፈልግም። በኢስቶኒያው ታርቱ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ቶኒ ይበቃል፤ ማይክሮፓይተኑን ራሱ በፒኮ ላይ ይጭንላችኋል። ፋይል ስታስቀምጡ ኮምፒውተር ላይ ወይስ ቦርዱ ላይ ብሎ ይጠይቃል። ቦርዱ ኃይል ሲያገኝ ብቻውን እንዲሠራ ከፈለጋችሁ ቦርዱ ላይ፣ ሜይን ዶት ፓይ በሚል ስም አስቀምጡት። ሌላ ስም ከሰጣችሁት ቶኒ ሲዘጋ ሥራው ይቆማል።

ሲሠራ እንዲቆይ

ፕላትፎርምአይኦ ላይ ላይብረሪ ስትጨምሩ ስሙ አይኤንአይ ፋይሉ ውስጥ ይጻፋል። የእትሙን ቁጥር አብራችሁ ጻፉ። ካልጻፋችሁ ፕሮጀክቱን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቱ አዲሱ እትም ይወርድና ትናንት የሠራው ኮድ ዛሬ ኮምፓይል አልሆን ሊል ይችላል። ፕላትፎርም በሚለው መስመርም እንዲሁ አድርጉ። ጊት የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ በነጥብ የሚጀምረውን የፒአይኦ ፎልደር አታስገቡ። ኮምፓይል ሲደረግ በየጊዜው የሚፈጠር ትልቅ ክምር ነው፤ ብታጠፉትም ተመልሶ ይሠራል። እንዲያውም ምክንያቱ የማይገባ ስህተት ሲመጣ እሱን አጥፍቶ እንደገና ኮምፓይል ማድረግ ብዙ ጊዜ ይረዳል።

ዲበገር የሚባለውን፣ ፕሮግራሙን መስመር በመስመር እያስቆመ የሚያሳየውን መሣሪያ፣ በመጀመሪያው ሳምንት አትፈልጉት። ኡኖ ላይ ቦርዱን መነካካት ስለሚጠይቅ ብዙ ሰው በሲሪያል ጽሑፍ እየላከ ይወጣዋል። ኢኤስፒ32 ኤስ3 እና ሲ3 ውስጥ ግን አብሮ ተሠርቷል፤ ተጨማሪ ዕቃ ሳትገዙ በዩኤስቢው ትጠቀሙታላችሁ። ለፒኮ ሁለተኛ ፒኮ ካላችሁ ዲበግ ፕሮብ የሚለውን ፈርምዌር ጫኑበትና በሦስት ሽቦ ከመጀመሪያው ጋር አገናኙት።